ጊት ላይ ፑል እና መርጅ፦ የቱ ወደ የቱ ይገባል?

ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። ፑል አንድ ትእዛዝ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለት ሥራ አለ። መጀመሪያ ፌች ያደርጋል፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ያለውን አዲስ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ያወርዳል። ከዚያ ያወረደውን አሁን ካላችሁበት ብራንች (ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) ጋር ያዋህዳል። እኔ ሁለቱን ለየብቻ መሥራት እመርጣለሁ። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ።)

መጀመሪያ «ጊት ስታተስ» በሉ። ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ካለ ኮሚት አድርጉት ወይም ስታሽ (ጊት ለውጥን ለጊዜው የሚያቆይበት ቦታ) ውስጥ አስቀምጡት።

ቀጥሎ «ጊት ፌች ኦሪጅን»፤ ኦሪጅን ሰርቨሩ ላይ ላለው ቅጂ የተለመደው ስም ነው። ይሄ የምትሠሩበትን ፋይል አይነካም። እዚህ ጋ ግን ቆም እንበል፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ሜይን (ዋናው ብራንች) ሁለት ነው። «ሜይን» የእናንተው ነው። «ኦሪጅን/ሜይን» ደግሞ ሰርቨሩን መጨረሻ ስትጠይቁት የተነሳ ፎቶ ነው። ፌች ካላደረጋችሁ ፎቶው አይታደስም። ስታተስ «አፕ ቱ ዴት» ሲላችሁ የሚያወዳድረው ከዚህ ፎቶ ጋር ስለሆነ፣ የሥራ ባልደረባችሁ ጠዋት የላከውን ላያውቅ ይችላል።

የመጣውን ለማየት «ጊት ሎግ ሜይን..ኦሪጅን/ሜይን»። እናንተ ጋ የሌሉትን ኮሚቶች ይዘረዝርላችኋል።

አሁን መርጅ፣ ማለትም ማዋሃዱ። ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫው ላይ ነው። «ጊት መርጅ ሎጊን» ስትሉ ሎጊን የተባለው ብራንች አሁን ወደቆማችሁበት ይገባል፤ ሎጊን ራሱ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሥራችሁን ሜይን ውስጥ ለማስገባት አስቀድማችሁ «ጊት ስዊች ሜይን» በሉ። ፑልም ያው ነው። ሎጊን ላይ ቆማችሁ «ጊት ፑል ኦሪጅን ሜይን» ብትሉ የእናንተ ሜይን ባለበት ይቀራል፤ የሰርቨሩ ሜይን ግን ሎጊን ውስጥ ይገባል። መመሪያዎቹ «አሁን ያላችሁበት ብራንች» የሚሉትን ሐረግ ዘልሎ ያነበበ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያዝነው።

ኮንፍሊክት ቢመጣ፣ ማለትም ሁለቱ ብራንቾች አንድ ቦታ ላይ የተለያየ ለውጥ ይዘው ቢጋጩ፣ አትደንግጡ። «ሄድ» ከሚለው ምልክት ሥር ያለው እናንተ የቆማችሁበት ብራንች ነው፤ ከእኩል ይሆናል ምልክቶቹ በታች ያለው የሚገባው ነው። የሚሻለውን አስቀርታችሁ ምልክቶቹን አጥፉ፣ ከዚያ አድ እና ኮሚት። ከተወሳሰበባችሁ «ጊት መርጅ --አቦርት» በሉ (ከአቦርት በፊት ሁለት ሰረዝ አለ)፤ ወደነበረበት ይመልሳችኋል። መጀመሪያ ኮሚት አድርጉ ያልኩት ለዚህም ነው።

በ2021 ከወጣው ስሪት 2.33 ወዲህ፣ የእናንተና የሰርቨሩ ብራንች ተለያይተው ከሄዱ ፑል «መርጅ ወይስ ሪቤዝ?» ብሎ ይቆማል (ሪቤዝ የእናንተን ኮሚቶች ከሰርቨሩ ኮሚቶች ቀጥሎ እንደ አዲስ ማስቀመጥ ነው)። ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን መስመር ከመለጠፍ ይልቅ ኮንፊግ (የጊት ቅንብር) ውስጥ «ፑል.ኤፍኤፍ»ን «ኦንሊ» ላይ አድርጉት። ያኔ ፑል የሚሠራው ብራንቻችሁን ወደፊት መግፋት ብቻ ሲበቃ ነው። እምቢ ካለ ሎጉን አይታችሁ መርጁን በእጃችሁ ሥሩ።