የሜካኒካል ኪቦርድ ኪካፕ እንዴት ይቀየራል?

ኪካፕን፣ ማለትም ጣት የሚያርፍበትን የቁልፍ ክዳን፣ መቀየር ነቅሎ መትከል ነው፤ ጉልበትም ሙያም አይጠይቅም። ሰው የሚቸገረው ሳይለካ ሲገዛና ትልልቆቹን ቁልፎች ሲገጥም ነው። እዚህም ሰፊውን ቦታ የያዙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

መጀመሪያ የአንድ ፊደል ኪካፕ ነቅለው ከሥሩ ያለውን የሚጫነውን ክፍል፣ ስዊቹን፣ ይዩት። መሀሉ ላይ የመደመር ምልክት የመሰለ መስቀል ከቆመ የቼሪ ኤምኤክስ ዓይነት ነው። ጌትሮን፣ ካይልና አውቴሙ የሚሠሯቸው አብዛኞቹ ስዊቾችም ይህንኑ መስቀል ስለያዙ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ኪካፕ ይገጥምላቸዋል። በመስቀሉ ፈንታ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ካሉት ግን የካይል ቾክ ነው፤ የራሱ ኪካፕ ይፈልጋል። ዝቅ ያሉት ቀጫጭን ኪቦርዶች ላይም ይጠንቀቁ። መስቀሉ ቢኖራቸውም ተራውን ኪካፕ ሲያደርጉባቸው ግድግዳው ታች ስዊቾቹን ከያዘው ሳህን ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ያኔ ቁልፉ እስከ መጨረሻው አይወርድም።

ቀጥሎ ማስመሪያ ያውጡ። የቁልፍ ስፋት የሚቆጠረው በ«ዩ» ነው። አንድ ተራ የፊደል ቁልፍ 1 ዩ ሲሆን፣ ከአንዱ ቁልፍ መሀል እስከ ጎረቤቱ መሀል 19.05 ሚሊ ሜትር ነው። የማንኛውንም ቁልፍ መጠን ለማወቅ የኪካፑን ስፋት በታችኛው ጠርዝ በኩል ይለኩ፣ 1 ሚሊ ሜትር ይጨምሩበትና ለ19.05 ያካፍሉት። ስፔስባርዎ 118 ሚሊ ሜትር ግድም ከሆነ 6.25 ዩ ነው፤ 132 ግድም ከሆነ ደግሞ 7 ዩ።

ከፊደሎቹ ጋር ጊዜ አያጥፉ፤ የትም ቢሄዱ 1 ዩ ናቸው። የሚለኩት የታችኛውን ረድፍና ሁለቱን ሺፍቶች ነው። በመደበኛው አሠራር ከስፔስባሩ ግራ ሦስት፣ ቀኝ አራት ባለ 1.25 ዩ ቁልፎች አሉ፤ ስፔስባሩ 6.25 ዩ፣ ግራ ሺፍት 2.25፣ ቀኝ ሺፍት 2.75 ነው። አነስ ባሉት ባለ 65 እና ባለ 75 በመቶ ኪቦርዶች (ስያሜው ከሙሉው ኪቦርድ አንጻር ነው) ግን ለቀስቶቹ ቦታ ለመልቀቅ ቀኝ ሺፍት ወደ 1.75 ይወርዳል፤ ከስፔስባሩ ቀኝ ያሉትም ብዙ ጊዜ 1 ዩ ይሆናሉ። ባለ 104 ቁልፍ ሴት (በአንድ ላይ የሚሸጥ የኪካፕ ስብስብ) ገዝተው እዚህ ኪቦርድ ላይ ሲያደርጉት ፊደሎቹ ያምሩና ቀኝ ሺፍት አጥተው ይቀራሉ። ስለዚህ ሻጩ የለጠፈውን የቁልፎች ዝርዝር ፎቶ ከራስዎ ኪቦርድ ጋር ቁልፍ በቁልፍ ያስተያዩ። «ለሁሉም ኪቦርድ የሚሆን» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አምነው አይክፈሉ።

ጀርመን፣ ስዊድን፣ እንግሊዝ ወይም ሌላ የአውሮፓ አገር ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር እዩ፦ እዚያ የሚሸጠው ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተሩ ረጅም፣ ሁለት ረድፍ የሚይዝ ነው፤ ግራ ሺፍቱም 1.25 ዩ ብቻ ሆኖ አጠገቡ አንድ ትርፍ ቁልፍ አለ። ይህ የቁልፍ አቀማመጥ አይሶ ይባላል። ለአሜሪካው አቀማመጥ፣ ለአንሲ፣ ብቻ የተሠራ ሴት እዚህ ላይ አይሞላም።

ቁመትና ጥሬ ዕቃ

ቼሪ፣ ኦኢኤም እና ኤስኤ የሚባሉት ፕሮፋይሎች (የኪካፕ ቅርጽ ዓይነቶች) ረድፍ በረድፍ ቁመታቸውና ዘንበል ማለታቸው ይለያያል። ኤክስዲኤ እና ዲኤስኤ ግን ሁሉም ረድፍ አንድ ነው። ለባለ 75 በመቶ ኪቦርድ ይህ ልዩነት ትልቅ ጉዳይ ነው። ሆም፣ ፔጅ አፕ፣ ፔጅ ዳውንና ኤንድ በቀኝ ዳር ከላይ እስከ ታች ይደረደራሉ፤ በተራ ሴት ውስጥ ግን እነዚህ ቁልፎች የተሠሩት ለላይኞቹ ሁለት ረድፎች ብቻ ነው። ታችኛው ረድፍ ላይ ሲገቡ አንዱ ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ ጣት ይመታል። ወይ የየረድፉ ትርፍ ቁልፍ ያለው ሴት ይግዙ፣ ወይ ኤክስዲኤ ይምረጡ።

ኤልኢዲ ካለው ኪቦርድ ላይ ደግሞ የመብራቱ ቀዳዳ ከመስቀሉ በየት በኩል እንዳለ ይዩ። ወደ ኤፍ ቁልፎቹ በኩል ከሆነ የቼሪ ፕሮፋይል ኪካፕ በተለይ በኤ ረድፍ ላይ ከስዊቹ አናት ጋር ሊነካካ ይችላል፤ ድምፁ የታፈነ ይሆናል፣ የቁልፉም ጉዞ ያጥራል። እንዲህ ላለው ኪቦርድ ኦኢኤም ይሻላል።

ኪካፕ ከሚሠራባቸው የተለመዱ ፕላስቲኮች፣ ከፒቢቲና ከኤቢኤስ፣ ፒቢቲን እመርጣለሁ። ኤቢኤስ ቀለሙ ቢያምርም በጣት ቅባትና ፍትጊያ እየለሰለሰ ያብረቀርቃል። ፊደሉ ላዩ ላይ ብቻ የታተመ ኪካፕ ግን ከምንም ቢሠራ አይግዙ፤ የሚለቀው መጀመሪያ በብዙ የሚነኩት ቁልፍ ላይ ነው። ፊደሉ በሁለት ፕላስቲክ ተዋህዶ የተሠራ ወይም ቀለሙ ወደ ውስጥ የሰረገ ይሁን።

አማርኛን እንደ ድምፁ በላቲን ቁልፎች እየመታ ለሚጽፍ ሰው የላቲን ፊደል ያለው ኪካፕ በቂ ነው፤ «ሰ» ከኤስ፣ «በ» ከቢ ይወጣልና። ብዙዎቹ የድምፅ አጻጻፎች ግን «ጥ»ን እና «ጭ»ን በሺፍት ስለሚያወጡ፣ የአማርኛ ጸሐፊ ሺፍት ከሌላው ሰው ሺፍት አብልጦ ይሠራል። ከዚህ በታች ስለ ስታቢላይዘር የተጻፈውን ለሺፍቱ ሲሉ በደንብ ያንብቡት።

መንቀል

ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉ ወይም ያጥፉ፣ ፎቶ ያንሱት። መንቀያው የሽቦ ይሁን። ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ጋር በነጻ የሚመጣው ባለ ቀለበት የፕላስቲክ መንቀያ የኪካፑን ጎን ይጭራል። በካቻቢቴ ወይም በማንኪያ እጀታ መፈልቀቅ ደግሞ የመስቀሉን አንገት ይሰብራል።

ሁለቱን ሽቦዎች በጎንና ጎን ያስገቡና ትንሽ አዙረው በተቃራኒ ማዕዘኖች ሥር እንዲይዙ ያድርጉ። ከዚያ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። እምቢ ካለ እያንዳንዱን ማዕዘን በየተራ በጥቂቱ ያንሱ እንጂ አይንጡት። ስዊቹ ያለ ብየዳ በሚገባበት ኪቦርድ ላይ ስዊቹ አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ከሥሩ ያሉት ሁለት የብረት እግሮች እንዳልተጣመሙ አይተው፣ ከተጣመሙም በወረንጦ አቅንተው ይመልሱት። በተጣመመ እግር ከተጫነ እግሩ ታጥፎ ይቀርና ቁልፉ አይሠራም።

ሳህኑ ላይ ያለውን አቧራና ፀጉር በደረቅ ብሩሽ ያውጡ። የድሮው ኪካፕ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፤ ውስጡ እስኪደርቅ ሙሉ ቀን ይተዉት።

መግጠም፦ ትልልቆቹ ይቅደሙ

ብዙ ሰው ከኪው ጀምሮ ይተክልና ስፔስባሩን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ተቃራኒውን ያድርጉ። ጎረቤት ቁልፎች ሳይገቡ ስፔስባር፣ ሺፍት፣ ኢንተርና ባክስፔስ ከገቡ ሥራቸውን ከጎን ማየት ይችላሉ።

ከእያንዳንዱ ትልቅ ቁልፍ ሥር ከስዊቹ ግራና ቀኝ ሁለት ተጨማሪ መስቀሎች አሉ፤ በአንድ ሽቦ የተያያዙ ናቸው። ስታቢላይዘር የሚባለው ይህ ነው። ሥራውም ቁልፉን ዳር ላይ ቢመቱት እንኳ ሁለቱም ጫፎች እኩል እንዲወርዱ ማድረግ ነው። ከ2 እስከ 2.75 ዩ ባሉት ላይ በሁለቱ መስቀሎች መካከል 24 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በ6.25 ዩ ስፔስባር ላይ 100 ሚሊ ሜትር አለ።

ኪካፑን ከማስቀመጥዎ በፊት አንዱን መስቀል በጣትዎ ጫን ያድርጉ። ሌላውም አብሮ መውረድ አለበት። አንዱ ብቻውን ከወረደ የድሮው ኪካፕ ሲነቀል ሽቦው ወልቋል ማለት ነው፤ ይህን ሳያዩ ኪካፑን ቢጭኑበት ቁልፉ አንድ ወገኑ ሰምጦ ይቀራል። ሽቦው የወጣው ከቤቱ መያዣ ከሆነ በጠፍጣፋ ትንሽ ካቻቢቴ ከላይ ገፋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ ይመለሳል። ከመስቀሉ ውስጥ ከወጣ ግን ስታቢላይዘሩ መነቀል ይኖርበታል፤ ውስጥ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር በብሎን የታሰረ ከሆነ ደግሞ ኪቦርዱ ይፈታል።

ሽቦው የሚንቀጫቀጭ ከሆነ አሁን ነው ጊዜው። ሽቦው መስቀሉ ውስጥ የሚገባበት ጫፍ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ዳይኤሌክትሪክ ግሪስ በስቴኪኒ ወይም በሲሪንጅ ያድርጉ። የምግብ ዘይትና ቫዝሊን አይሁን። ግሪሱ ስዊቹ ውስጥ እንዳይገባም ይጠንቀቁ።

አሁን ኪካፑን ሦስቱም ቀዳዳዎች በሦስቱ መስቀሎች ላይ እንዲያርፉ አድርገው ያስቀምጡት፣ ጎንበስ ብለው ከፊት ይዩት። ከተስተካከለ መጀመሪያ መሀሉን፣ ከዚያ በቀጥታ ከግራው መስቀል በላይ፣ ከዚያ ከቀኙ በላይ ይጫኑ። የስፔስባርን ጫፍ ብቻ ይዞ መጫን ያጎብጠዋል፣ መስቀሉንም ያጣምማል።

አንዳንድ የድሮ ኪቦርዶች ላይ ከመስቀሎቹ ፈንታ ባዶ የብረት ሽቦ ብቻ ያያሉ፤ ኮስታር የሚባለው ነው። በኪካፑ ሥር ትናንሽ የፕላስቲክ መንጠቆዎች ይገባሉ፤ ኪካፑን አዘንብለው ሽቦውን ከሁለቱም መንጠቆዎች ጋር ካያያዙ በኋላ ነው መሀሉ የሚጫነው። ሲነቅሉትም መሀሉን ቀስ አድርገው አንስተው ሽቦውን በወረንጦ ያላቅቁ፤ በጉልበት ከሳቡት መንጠቆው ይሰበራል።

የቀሩትን 1 ዩ ቁልፎች ጠረጴዛ ላይ በየረድፋቸው ደርድረው በአውራ ጣት ይትከሉ። ኤፍ እና ጄ ላይ ያለችው ጭረት ቦታዋን ትነግርዎታለች።

ስፔስባሩ ቀስ ብሎ ሲመለስ

በጣም የተለመደው ችግር ይህ ነው። ግራ ጫፉን፣ መሀሉን፣ ቀኝ ጫፉን በየተራ ይምቱ። አንድ ጫፍ ብቻ ከዘገየ እዚያ በኩል በደንብ አልተቀመጠም፤ በድጋሚ ከመስቀሉ በላይ ይጫኑት። ሁሉም ከዘገየ ነቅለው በታችኛው ጠርዙ መስታወት ላይ ያስቀምጡት። ከተወዛወዘ ወይም መሀሉ ብርሃን ካሳለፈ ጎብጧል፤ ፒቢቲ ስፔስባር ላይ ይህ የታወቀ ነው። ሻጩ የሚለውጥልዎት ከሆነ ያስለውጡ። ካልሆነ ሊፈላ በደረሰ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆይተው፣ በጓንት ይዘው ወደ ተቃራኒው በቀስታ ያቅኑትና ቀጥ ባለ ነገር ላይ ክብደት ጭነው እስኪበርድ ይተዉት። ፊደል የታተመበትን ወይም ኤቢኤስ የሆነውን እንዲህ አያድርጉ።

ቀጥ ብሎም ከዘገየ ቀዳዳዎቹ ጠብበው የስታቢላይዘሩን መስቀሎች እየቆለፉ ነው። ትርፍ ስዊች ካለዎት መስቀሉን በየቀዳዳው ጥቂት ጊዜ አስገብተው ያውጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይላላል። በተቃራኒው ልል ብሎ እየወለቀ ያለ ኪካፕ ቀዳዳው ሥር በብርሃን ሲታይ ቀጭን ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ምትክ እስኪያገኙ ከስስ ፌስታል ትንሽ ቆርጠው መስቀሉ ላይ ያልብሱና ኪካፑን በላዩ ይጫኑት፤ ማጣበቂያ አይጠቀሙ፣ ወደ ስዊቹ ይወርዳል።