ሳተላይት ሲቋረጥ እንዳንቸገር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች
ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚያውቅባቸው የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ስለሚዞሩ፣ ምልክታቸው ስልካችን ዘንድ ሲደርስ እጅግ የደከመና በቀላሉ የሚታወክ ነው። በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጋላክሲ 4 የተባለችው አንዲት የመገናኛ ሳተላይት ስትበላሽ፣ በአሜሪካ አብዛኞቹ ፔጀሮች (አጭር መልእክት መቀበያ ትንንሽ መሣሪያዎች) ሥራ አቁመው ነበር።

ከኮምቦልቻ ጭነት ይዘው በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጡ ሾፌር ከሆኑ፣ መገንጠያዎቹንና የደንበኛዎን ሰፈር አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ፤ ካርታውን በስልክ ማውረድ ብቻውን አይበቃም፣ ያሉበትን ቦታ የሚያሳየው ያው ሳተላይት ነውና። ብዙ የስልክ ማማዎችም ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት ከሳተላይት ስለሆነ (ይህን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው) ስልክም ሊቋረጥ ይችላል፤ አስፈላጊ ቁጥሮችን በደብተር ይገልብጡ፤ ከጎረቤትና ከዘመድ ጋርም ስልክ ቢጠፋ የት እንደምትገናኙ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ዲሹ ሲጠፋ ዜና የሚሰሙበት በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ እና ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ከቤት አይጥፋ።