ከስደት ስትመለሺ አያቷ ጋ የቀረችውን ልጅሽን እንዴት ትወስጃለሽ

ሰላም እህቶች፣ ይሄን የምፅፈው ከጅዳ ከቤይሩት ተመልሰው ልጃቸው አያት ጋ ለቀረችባቸው ነው፣ በኛ ወሎ ስንቱ ቤት ነው እንዲህ ያለው። እኔ ልጄን ሁለት አመት ተኩል ሆና ለአማቴ ትቻት ሄጄ ስድስት አመት ቆይቼ ስመጣ አያቷን "እማ" እኔን "እትዬ" ትለኛለች። ሻንጣዬን ሳልፈታ ነገውኑ ደሴ ይዣት ልግባ ብዬ ተነሳሁ፣ አማቴም "ወላሂ ሬሳዬን ተራምደሽ ካልሆነ" አሉኝ፣ ከዛ አመት ከምናምን ተጓተትን። እናንተ እንዲህ አታድርጉ።

በህጉ እናትና አባት ናቸው የልጁ ሞግዚትና አሳዳሪ፣ ማለት ስለልጁ የሚወስኑት፣ አያት ስላሳደጉ ብቻ መብቱ ወደሳቸው አይዞርም። ግን ይሄን ይዘሽ አትኩራሪ። በ2000 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍ/ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ የስር ፍ/ቤቶችን የህግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው አለ፣ እናቷ የሞተችባትን ልጅ አክስት አሳድጋት አባት ልውሰድ ሲል የስር ፍ/ቤቶች ለአባት ፈርደውለት ነበር፣ ሰበር ግን የህገ መንግስቱን አንቀፅ 36 ጠቅሶ የልጅ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ፍርዱን ሽሮ ለአክስት ወሰነላት። የሰበር ውሳኔ ደግሞ የወረዳውንም ዳኛ ያስገድዳል። ስለዚህ ዳኛው "ወለድሻት ወይ" ብሎ ብቻ አይለቅሽም፣ የት ብትኖር ይሻላታል ነው ነገሩ።

እና ከክሱ በፊት ልጅቷን ተላመጃት። ባቲ ከሆኑ ሰኞ ገበያውን ሰበብ አድርገሽ ሂጂ፣ እዛው እደሪ፣ ከአያቷ ጋር ቡና ጠጪ፣ ልጅቷን አትጎትቻት። አሻንጉሊት ማግበስበሱ ብዙም አይሰራም፣ እኔ ሞክሬዋለሁ ሶስት ቀን ነው የቆየው! የቤት ስራዋን አብረሻት ስትሰሪ ነው የምትቀርብሽ። ስለ አያቷ ፊቷ ክፉ ቃል አይውጣሽ፣ እሷ እኮ የምታውቀው እናት እሳቸውን ነው።

ጎን ለጎን ወረቀት ሰብስቢ። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላት ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ሂጂ። የላክሽበትን የሃዋላ ደረሰኝ፣ በሰው እጅ የላክሽ ከሆነ ያደረሰውን ሰው በምስክርነት፣ የኢሞና የዋትሳፕ ድምፁን ሳይቀር አስቀምጪ፣ ትታት ጠፋች የሚለው ወሬ መምጣቱ አይቀርም። የቤት ኪራይ ውልና የምትሰሪውን ስራ የሚያሳይ ነገርም ያስፈልግሻል።

ከዛ ሽማግሌ። አያቷ የሚያፍሯቸውን ሰው ምረጪ እንጂ አንቺ የምትወጃቸውን አይደለም፣ አበጋር (በኛ ወሎ ሰው የሚያስታርቁት ሽማግሌ) ወይ ሼህ ወይ የነፍስ አባታቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ባዶ እጅ አትሂጂ፣ ጥሩ ጋቢ ያዢ፣ "ልጄን መልሱልኝ" ሳይሆን "አሳድገውልኛል፣ ውለታዎን አልረሳም" ብለሽ ጀምሪ። እኔ ይሄን ያልኩት በሁለተኛው ሽምግልና ነው፣ አማቴ ያን ቀን አለቀሱ። ከተስማማችሁ በፅሁፍ ይሁን፣ መቼ እንደምትመጣ፣ በአረፋው ወይ በፋሲካው የት እንደምትውል ሁሉ ተፅፎ ምስክር ይፈርምበት።

እምቢ ካሉ ወረዳ ፍ/ቤት ነው። ጠበቃ ለመያዝ ብር ከሌለሽ ሴቶች ህፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮ ገብተሽ ጠይቂ፣ ለዳኝነት የሚከፈለው ካቃተሽም በደሃ ደንብ መክሰስ አለ። ሙስሊም ከሆናችሁ "ሸሪያ እንሂድ" ሊሉሽ ይችላሉ፣ እሱ የሁለታችሁም ፈቃድ ሲኖር ነው የሚያየው፣ መጥሪያ ሲደርስሽ ግን ዝም አትበዪ ቀርበሽ እሺም ሆነ እምቢ በግልፅ ተናገሪ። ዳኛው ልጅቷን ራሷን ሊያናግራት ይችላል፣ አታስጠኚያት፣ ያስጠናሽው ወዲያው ነው የሚያስታውቀው። አባትየው በህይወት ካለ የሱን ሀሳብም አስቀድመሽ እወቂ፣ ከእናቱ ጋር ወግኖ ከመጣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ተፈርዶልሽ ካልሰጡሽ ፍርዱ እንዲፈፀም ፍ/ቤቱ ጋ የአፈፃፀም መዝገብ ትከፍቻለሽ፣ ግን ልጅ በፖሊስ ማስወሰድ እግዜር አያሳይ።

ርክክቡ ባንዴ አይሁን። መጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ፣ ቀጥሎ ሳምንት፣ ከዛ ክረምቱን። የኔዋ ስምንት ሌሊት አልቅሳለች፣ በየማታው ስልክ ደውዬ ከአያቷ ጋር አገናኛት ነበር፣ አማቴም "አብሽሪ ልጄ" እያሉ ያስተኟት ነበር። ጠቅልላ የምትመጣው ትምህርት ሲዘጋ ይሁን፣ መሸኛዋንና ሰርተፊኬቷን ደግሞ ክረምት ሳይገባ ውሰጂ፣ እኔ ጳጉሜ ላይ ሄጄ ቢሮው ተቆልፎ ልጄ ለመስከረም ምዝገባ ሳትደርስ ቀርታብኛለች።