መዓዛማ ዘይትን ለአካል ጉዳተኛ የቤተሰብ አባል በጥንቃቄ ስለመጠቀም

ከተክል የሚወጣ መዓዛማ ዘይትን በማሽተት ወይም በማሸት የሚሰጠው አሮማቴራፒ ጉዳቱን የሚያድን ሳይሆን ውጥረትን ሊያረግብና እንቅልፍን ሊያግዝ የሚችል ደጋፊ እንክብካቤ ስለሆነ፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትም ሆነ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ በእርሱ ምክንያት መቋረጥ የለበትም።

ጎንደር ላይ መዓዛ ሲባል ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚያስበው ከመተማ የሚመጣውን ዕጣን ነው። ዕጣን በማጨሻ ሲጨስ ግን ጭሱ ብቻ ሳይሆን የከሰሉ ጋዝም አብሮ ይተነፈሳል፤ ብርዱን ፈርተን በርና መስኮት በዘጋንበት ክፍል፣ በራሱ ተነሥቶ መውጣት ለማይችል ሰው ይህ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ ጭሱን ትታችሁ በጥጥ ጀምሩ። ሽቶ መዓዛማ ዘይትን አይተካም፤ ጠርሙሱ ላይ የተክሉ ስም መጻፉን አረጋግጡ።

በሁለት ንጹሕ ጥጦች ላይ የላቬንደር (ሐምራዊ አበባ ያለው መዓዛማ ተክል) እና የብርቱካን ዘይት አንዳንድ ጠብታ አድርጋችሁ፣ ከአፍንጫው ራቅ አድርጋችሁ በየተራ አቅርቡለት። መናገር የማይችል ሰው ፊቱን ቢያዞር ወይም እጃችሁን ቢገፋ መልሱን ሰጥቷል፤ በተለይ ኦቲዝም ያለበትን ሰው ለእኛ ቀላል የሆነ ሽታ እጅግ ሊያስጨንቀው ስለሚችል «ይለምደዋል» ብሎ መጫን ተገቢ አይደለም።

ለማሸት በ1 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ውስጥ 1 ጠብታ ላቬንደር ይበቃል፤ ሰሊጥ የማይስማማው ከሆነ የወይራ ዘይት ተጠቀሙ። አስቀድማችሁ በክንዱ ውስጠኛ ጎን ጥቂት ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው የደነዘዘ አካሉ ቢቃጠል እንኳ ላይሰማው ስለሚችል፣ ሙከራው ስሜት ባለው ቦታ ይደረግ፤ የታሸውንም ቆዳ በየጊዜው በዓይን መመርመር የአስታማሚው ድርሻ ነው። በመቀመጥ ወይም በመተኛት ብዛት የቀላ ወይም የቆሰለ ቦታ በፍጹም አይታሽም። የተኮማተሩ ጣቶችንም በኃይል ለመዘርጋት ሳትታገሉ፣ ከመዳፉ ጀምራችሁ በዝግታ እሹ።

የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ከጥብስ ቅጠል፣ ከባሕር ዛፍና ከካምፎር የሚወጡ ዘይቶች ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ስለሚችሉ አይቅረቡለት፤ አስም ያለበትም ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ዘይቱ አይጠጣም። በስሕተት የዋጠ ሰው ካለ ለማስመለስ ሳትሞክሩ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።