የአሮጌ ፒክአፕ የነዳጅ ጌጅ ሲዋሽ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፒክአፕ ያለው ሰው የነዳጅ ጌጁ መዋሸት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ አዲስ ሴንደር ማዘዝ ነው። ሴንደር የምንለው በታንኩ ውስጥ ተቀምጦ የነዳጁን ከፍታ በተንሳፋፊ እየለካ ለክሩስኮቱ (በሾፌሩ ፊት ላለው የጌጆች ሰሌዳ) የሚያሳውቀውን ዕቃ ነው። ዕቃው ይመጣል፣ ግማሽ ቀን ተለፍቶ ይገጠማል፣ ጠቋሚው ግን ካለበት አይነቃነቅም። ነገሩ ጌጅ፣ ሽቦ እና ሴንደር ከነማሳው (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ከሚመለስበት የብረት መስመር ጋር) የሚገናኙበት አንድ መስመር ስለሆነ፣ ጥፋቱ የትኛው ላይ እንዳለ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ዋናው ስህተት ነው፤ ቀጥሎ የማነሳቸው ሁሉ የሚወለዱትም ከዚህ ችኮላ ነው። ለምሳሌ የማቀርባቸው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 የተሠሩትን ሸቭሮሌት ሲ10 እና ፎርድ ኤፍ100 ነው፤ ሁለቱ በአሠራራቸው ተቃራኒ ስለሆኑ ብዙ ያስተምራሉ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የአንዱን መኪና ሕግ ለሌላው መጠቀም ነው። የሸቭሮሌቱ ሴንደር ታንኩ ባዶ ሲሆን ወደ 0 ኦም፣ ሲሞላ ወደ 90 ኦም ያሳያል፤ ኦም አንድ ዕቃ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካበት ነው። የፎርዱ በተቃራኒው ባዶ ሲሆን ወደ 73፣ ሲሞላ ወደ 10 ኦም ይወርዳል። ስለዚህ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ወደ ሴንደሩ የሚሄደው ሽቦ ቢነቀል የሸቭሮሌቱ ጠቋሚ ከሙሉ አልፎ ይሄዳል፣ ሽቦው ማሳ ሲነካ ደግሞ ወደ ባዶ ይወርዳል። ፎርዱ ላይ ሽቦው ሲነቀል ጠቋሚው ባዶ ላይ ይተኛል፣ ማሳ ሲነካ ግን ወደ ሙሉ ይወጣል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ደህና ጌጅ ይዞ «ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል። ፎርዱ ላይ ሽቦውን በቀጥታ ማሳ አስነክቶ ማቆየት ጌጁን ስለሚጎዳው፣ ከአፍታ በላይ መፈተን የፈለገ ሰው በመካከል ባለ 10 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ቢያስገባ ይሻለዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ስህተት አለ። የሸቭሮሌቱ ጌጅ በሁለት ጥቅልል ሽቦ መግነጢሳዊ ጉልበት የሚሠራ በመሆኑ ቁልፉ ሲዘጋ ጠቋሚው ባለበት ሊቀር ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። የፎርዱ በሙቀት የሚታጠፍ ብረት ስላለው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ስለዚህ ቁልፉን ከፍቶ ጥቂት ሳይታገሡ መፍረድ አይገባም።

ሰው ሁሉ የሚንቀው፣ እኔ ግን ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሜ የማየው ማሳውን ነው። አንድ ወዳጄ የ1970 ሲ10 አለው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ቤቱ ጓሮ ሁለት በጋ ሙሉ ሲያድሳት ከርሞ፣ ታንኩን አውርዶ አጽድቶ ጥቁር ቀለም ቀብቶ መለሰው። በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ጌጁ ሩብ ታንክ እያሳየ መኪናዋ አውራ ጎዳና ላይ ጠፋችበት። «ነዳጅ አላት፤ ፓምፑ ነው የሄደው» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ግን ጄሪካን ይዤ ሄድኩ፤ ቤንዚን ሲገባላት ተነሳች። ታንኩ ከወንበሩ ኋላ ነውና፣ በማግስቱ የወንበሩን መደገፊያ ወደ ፊት አጋድለን ስናየው፣ የሴንደሩ የማሳ ሽቦ ብሎኑ አዲሱ ቀለም ላይ ተጠብቆ ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የሚያልፈው በብሎኑ ጥርስ በኩል ያለችው ትንሽ መነካካት ብቻ ነበረች። ሴንደሩ በባዶ ታንክ 0 ኦም ሲሰጥ መጥፎው ማሳ ወደ 20 ኦም ቢጨምርበት፣ ጌጁ የሚያየው 20 ነው፤ ይህም በእሱ ቋንቋ ሩብ ታንክ ገደማ ማለት ነው። በካቻቪቴ ጫፍ ቀለሙን ፍቀን ብረቱ ሲያበራ ብሎኑን መለስነው፣ ጠቋሚውም ወደ ትክክለኛ ቦታው ወረደ። ከዚያ ወዲያ ወዳጄ ጄሪካን ከመኪናዋ አውጥቶ አያውቅም፤ የሆነበትን አይረሳም።

የሚገርመው ያው ብልሽት ፎርድ ላይ ቢሆን ኖሮ በተቃራኒው ነዳጅ እያለ ባዶ ያሳይ ነበር፤ ኦም ሲጨምር ፎርዱ የሚረዳው «ቀነሰ» ብሎ ነውና። ማሳን ለመፈተን ታንክ መፍታት አያስፈልግም፤ ረጅም ሽቦ ወስዶ አንዱን ጫፍ በሴንደሩ አካል፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ማድረግና ጠቋሚው መንቀሳቀሱን ማየት ይበቃል። ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የማሳው ነው እንጂ የሴንደሩ አይደለም። ደግሞም ጋቢናው ራሱ ከሻሲው ጋር የሚገናኘው በጎማ ላይ ተቀምጦ ስለሆነ፣ ከሞተር ወደ ጋቢና የሚሄደው የማሳ ገመድ ሞተር ሲወርድና ሲወጣ ተረስቶ ቀርቶ እንደሆነ መመልከት ተገቢ ነው።

የፎርድ ባለቤቶችን ለብቻቸው የሚመለከት ስህተት ደግሞ ጌጁን 12 ቮልት ሰጥቶ መፈተን ነው። እነዚህ ጌጆች የተሠሩት በአማካይ 5 ቮልት ገደማ እንዲቀበሉ ሲሆን፣ ይህን የሚመጥነው ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለች ትንሽ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ናት። ውስጧ ያለው ስስ ብረት ሲሞቅ ይታጠፍና መስመሩን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገጥማል፤ ስለዚህ በዲጂታል ቴስተር ሲለካ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ይህን አይቶ መቆጣጠሪያዋን የጣለ ሰው ጤነኛ ዕቃ ጥሏል። መጠርጠር የሚገባት የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ አብረው ሲያብዱ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ወደ ላይ ከተሰቀሉ ወይም ባንድ ላይ ከሞቱ ታንኩ ጋ መሄድ ድካም ብቻ ነው። መቆጣጠሪያዋ ራሷ ማሳ ካጣች መስመሩን መቁረጥ ስለማትችል 12 ቮልቱን እንዳለ ታሳልፋለች፣ ጌጆቹም ይሰቃያሉ። ዛሬ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩና ቋሚ 5 ቮልት የሚሰጡ ምትኮች ስላሉ፣ መቀየር ካለባት እነሱን እመርጣለሁ።

በሁለቱም መኪኖች ጌጁ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከክሩስኮቱ ጀርባ በተለጠፈ ስስ የመዳብ ወረቀት ነው። ጥቁር ያዘለ መዳብ በተማሪ ላጲስ ቀስ ተደርጎ ቢታሽ ያበራል፤ በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ ግን መዳቡን ጨርሶ ያነሳዋል።

ሴንደሩ በእርግጥ ጥፋተኛ ከሆነ፣ ተንሳፋፊውን ሳይመረምሩ ሁሉንም መጣል ሌላው ስህተት ነው። የናስ ተንሳፋፊ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ከተበሳ ቤንዚን ይጠጣና ይሰጥማል፣ ጌጁም ሁልጊዜ ባዶ ይላል። ከጆሮ አስጠግተው ሲያናውጡት ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ጉዳዩ ተገኝቷል፤ ተንሳፋፊው ለብቻው በጥቂት ዶላር ይሸጣል። በቀለጠ እርሳስ በይጄ ልድፈነው የሚል ሰው ቤንዚን የጠጣ ዕቃ እሳት ላይ እያስቀመጠ መሆኑን ያስብ።

አዲስ ሴንደር መግዛት የግድ ሲሆን ደግሞ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን ጽሑፍ ማመን አያዋጣም። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሁለንተናዊ ሴንደር ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ነው፤ ይህ ከሲ10 ጌጅ ጋር ቢገናኝ በባዶ ታንክ ሙሉ ያሳያል። ከ1965 በፊት የተሠሩ ሸቭሮሌቶችም ከ0 እስከ 30 ኦም ስለሚጠቀሙ የኋለኛውን ሴንደር አይቀበሉም። ዕቃው ከፖስታ ቤት እንደመጣ፣ ከመገጠሙ በፊት፣ ክንዱን ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርጎ እያነሱ በቴስተር መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቁጥሩ በመካከል የሚዘል ወይም የሚቋረጥ ከሆነ ዕቃውን መመለስ ይገባል።

የእነዚህ ፒክአፖች ታንክ ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ኋላ መሆኑን መዘንጋት ከሁሉም የከፋ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በሮችን ከፍቶ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድሞ ነቅሎ መሥራት ያስፈልጋል። ታንኩ ክፍት ሆኖ ሳለ ሽቦ ማሳ እያስነኩ መፈተን ክልክል ነው፤ ያቺ ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች። ባለ አምፖል የእጅ መብራትም አይግባ፤ ቢወድቅና ቢሰበር የጋለው ሽቦ እሳት ነው።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያበቃ ወንበሩን ለመመለስ አይቸኩሉ። ታንኩ ባዶ ሳለ ጠቋሚው የት እንደቆመ ይጻፉ፣ ከዚያ አምስት አምስት ጋሎን እየጨመሩ እያንዳንዱን ይመዝግቡ። ባዶ የሚለው ምልክት ላይ ሲደርስ ታንኩ ውስጥ ጥቂት ጋሎን እንዲቀር ከፈለጉ የተንሳፋፊውን ክንድ በፒንሳ በጥቂቱ ማጠፍ የሚቻለው አሁን ነው፤ ወንበሩ ከተመለሰ በኋላ ሳይሆን።