የአሳማ መኖና ጉዝጓዝ፦ በቤት ለሚኖረውም በእርባታ ለሚያድገውም

አሳማ ያገኘውን ሁሉ ስለሚበላ ብዙ ሰው ምንም ቢጥሉለት የሚበቃው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ አሳማ የማያመሰኳና ጨጓራው አንድ ክፍል ብቻ ያለው እንስሳ በመሆኑ እንደ ከብት በሳር ብቻ ሊኖር አይችልም። የመኖው መሠረት እንደ በቆሎ፣ ገብስና ስንዴ ያለ የተፈጨ እህል ሲሆን፣ የፕሮቲን፣ የማዕድንና የቫይታሚን ምንጭ ይጨመርበታል። የሚያስፈልገው ፕሮቲን በዕድሜ ይለያያል፤ ጡት ለጣሉ ግልገሎች ከ18 እስከ 20 በመቶ፣ በእድገት ላይ ላሉ 16 በመቶ ገደማ፣ ለእርድ ለተቃረቡ ደግሞ ከ13 እስከ 14 በመቶ ይበቃል። በቆሎ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ስለሚያንሰው ብቻውን የሚሰጠው አሳማ ሆዱ እየሞላ እድገቱ ይጓተታል፤ ጉድለቱን በሚገባ የሚሞላው አኩሪ አተር ነው። አኩሪ አተር በጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው ሳይቆላ ወይም ሳይቀቀል መሰጠት የለበትም።

የወጥ ቤት ትራፊን በተመለከተ ጥብቅ መሆን ይገባል። ሥጋ የነካው ትራፊ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳትንና የአፍተግር በሽታን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታኒያ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንዲታረዱ ያደረገው የአፍተግር ወረርሽኝ መነሻው በአግባቡ ያልተቀቀለ ትራፊ የተመገቡ አሳማዎች እንደነበሩ ይታመናል። ስለዚህ ከሥጋና ከሥጋ ውጤት ጋር ያልተነካካ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ፍራፍሬ ብቻ ከዋናው መኖ ጋር መስጠት ይሻላል። የሻገተ እህልም ቢታጠብ ወይም በፀሐይ ቢሰጣ መርዙ አይለቅም፤ የሴት ግልገል ብልት ያለ ጊዜው አብጦ ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በበቆሎው ላይ ያለ ሻጋታ ነው።

ውሃ ከመኖ ይቀድማል። አንድ የደረሰ አሳማ በቀን ከ5 እስከ 10 ሊትር፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ከ20 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ውሃ ተቋርጦ መኖው ከቀጠለ በመኖው ውስጥ ያለው ተራ ጨው ራሱ መርዝ ይሆናል፤ አሳማው ፈዝዞ ግድግዳ ይገፋል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻም ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ውሃ በአንድ ጊዜ እንደ ልቡ ማጠጣት አንጎሉን ስለሚያሳብጥ፣ በትንሽ በትንሹ እየሰጡ የእንስሳት ሐኪም በአስቸኳይ መጥራት ያስፈልጋል።

በቤት የሚያዝ ትንሽ ዝርያ አሳማ ከ15 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል በፍጥነት ለማደለብ የተዘጋጀ መኖ ፈጽሞ አይስማማውም። በቀን ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆን መኖ መዝኖ ለሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠት በቂ ነው። ከአሳማው ልመና ይልቅ የባለቤቱ እጅ ሊታመን ይገባል፤ ጎኑን በመዳፍ ጫን ሲሉት የጎድን አጥንቱ ካልተዳሰሰ ወይም የግንባሩ ስብ ዓይኑን መሸፈን ከጀመረ መኖው በዝቷል ማለት ነው። መኖውን በሳህን ከማቅረብ ይልቅ በሳር ወይም በጭድ ላይ በትኖ እየቆፈረ እንዲለቅመው ማድረግ ሆዱንም አእምሮውንም ያሠራል።

ጉዝጓዙ ከመኖው ተለይቶ መታየት የለበትም፤ ምክንያቱም አሳማ የሚተኛበትን ጭድ ያኝካል፣ ይበላልም። የጭዱ ቃጫ ጨጓራውን ከቁስለት ለመከላከል ይረዳል፣ አፍንጫውም ሥራ ስለሚያገኝ እርስ በርስ ጅራት የመናከስ ልማድ ይቀንሳል። በዚያው ልክ የሻገተ ጭድ ማንጠፍ የሻገተ መኖ እንደ መስጠት ይቆጠራል። የስንዴ ወይም የገብስ ደረቅ ጭድ ከሁሉ ይመረጣል፤ የእንጨት ፍቅፋቂም ይሆናል፣ ነገር ግን ደቃቅ ሰጋቱራ አቧራው ሳንባን ስለሚያውክ፣ በኬሚካል የተነከረ እንጨት ደግሞ ስለሚመርዝ መወገድ አለባቸው።

አሳማ ቦታ ከተሰጠው መኝታውንና መጸዳጃውን ራሱ ይለያል። አዲስ በረት ውስጥ ሲገባ ከመኝታው ርቆ ውሃ ያለበትን ጥግ ማርጠብና ጥቂት እዳሪ ማስቀመጥ፣ ሌላውን ወለል ደግሞ በደረቅ ጭድ ጠቅጠቅ አድርጎ መሸፈን ልማዱን በቶሎ ያስይዘዋል። እርጥበቱን ለማወቅ በጉዝጓዙ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መንበርከክ ይበቃል፤ ጉልበት ከረጠበ ጭዱ ይቀየር። እግረ መንገድንም ጭንቅላትን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ማሽተት ይጠቅማል፤ ቆሞ የማይታወቅ የሽንት ሽታ እዚያ ዓይን ያቃጥላልና፣ አሳማው ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው ያንን አየር ነው።

የጭዱን ብዛት የሚወስነው የአሳማው አተኛኝ ነው። ተደራርበው የሚተኙ ከሆነ በርዷቸዋልና ይጨመርላቸው፤ ተራርቀውና እግራቸውን ዘርግተው እርጥብ ወለል የሚፈልጉ ከሆነ ሞቋቸዋል። አሳማ በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ጭዱን አሳስቶ ጥላና የጭቃ መንከባለያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ልትወልድ የቀረበች አሳማ አንድ ቀን ያህል አስቀድማ ጎጆ ለመሥራት ስለምትቆፍር ረጅም ጭድ ሊቀርብላት ይገባል። ከወለደች በኋላ ግን ግልገሎቹ ከወፍራም ጭድ ሥር ተሸሽገው በእናታቸው እንዳይጨፈለቁ ጭዱ አጥሮና ሳስቶ ይነጠፍ። እናቲቱ 20 ዲግሪ ገደማ ሲስማማት ግልገሎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልጉ፣ እርሷ የማትደርስበት የተከለለ የሞቀ ጥግ ይዘጋጅላቸው፤ ማሞቂያ አምፖል ከተሰቀለ ጭዱን እንዳያቃጥል በሰንሰለት አጥብቆ ማሰር ግድ ነው። የእናቲቱ መኖ ከወሊድ በኋላ በየቀኑ በጥቂቱ እየጨመረ ወደ 2 ኪሎ ግራም፣ በዚያም ላይ ለእያንዳንዱ ግልገል ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ወደሚጨመርበት መጠን ሊደርስ ይገባል።