የራስን ገጠመኝ በሰውነት መተረክ፦ ለተዋንያን ልምምድ

ከ6 እስከ 10 ተዋንያን፣ አንድ ሰዓት ተኩልና በባዶ እግር የሚረገጥ ቦታ ካለ ይበቃል። ሐዋሳ ውስጥ ከሆናችሁ ማለዳ ሐይቁ ዳር ይመቻል፤ ሣሩን ግን ቀድማችሁ ፈትሹት፣ የጠርሙስ ስባሪ አይጠፋም። ነፋስ ከተነሳ ድምፅ ስለሚበተን ተዋናዩ ሳይታወቀው መጮህ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ግቡ።

15 ደቂቃ አሟሙቁ። እስክስታ የለመደ ትከሻ ቶሎ ይፈታል፤ ደርቀው የሚቀሩት ወገብና ጉልበት ናቸውና ጊዜውን ለእነሱ ስጡ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ከልጅነቱ አንድ ትንሽ ገጠመኝ ይምረጥ፤ እጅና እግር የሚሠሩበት ይሁን። «ድህነታችን» ለዚህ አይሆንም፤ ከቦኖ ውሃ ቀድቶ መመለስ ግን ይሆናል። ያልሻረ ሐዘን አይመረጥ፤ እንባ ከቀደመው ትረካውን መምራት ያቅተዋል። በልምምዱ የተሰማው ከቡድኑ እንዳይወጣም አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ገጠመኙን ለጓደኛው በ3 ደቂቃ ይንገረው። ጓደኛው ሳይጠይቅና ሳያጽናና እጁን ብቻ ይመልከት። ሲያበቃ «ስለ ቦኖው ስታወራ ቀኝ እጅህ ይጨበጥ ነበር» ዓይነት ነገር ይበለው። ልምምዱ የሚነሳው ከዚህ ነው። ደጋግመን ያወራነውን ነገር ምላሳችን አሳምሮታል፤ እጃችን ግን እንደነበረ ይዞታል።

አሁን በገጠመኙ ውስጥ ያለውን ዕቃ አምጡ፤ ለቦኖው ገጠመኝ ጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ስለሚሆን ግማሹን ብቻ ሙሉትና 15 እርምጃ ይሂድበት። የተሸከመበት ትከሻ ይወርዳል፣ ሌላው ክንድ ወደ ጎን ይወጣል፣ እርምጃው ያጥራል። እጅ ሲቀይር ያስቀምጠዋል፣ መያዣው የሰረሰራቸውን ጣቶች ከፈት ጨበጥ ያደርጋል፣ በሌላው ያነሳዋል። ያቺን ከፈት ጨበጥ እንዳትዘሏት፤ ተመልካች ክብደቱን የሚያምነው በእሷ ነው። ከዚያ ጀሪካኑን ውሰዱበትና በዚያው መንገድ ባዶ እጁን 3 ጊዜ ይመላለስ። ግንባሩን ከቋጠረ፣ ጥርሱን ከነከሰ፣ ክብደቱ ከጉልበቱ ወደ ፊቱ ሸሽቷልና ጀሪካኑን መልሱለት።

ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እየሄደ ይተርክ፤ እጁ የሚሠራውን ግን አፉ አይድገመው። «ከበደኝ» እያሉ ማጎንበስ፣ «አለቀስኩ» እያሉ ዓይን መጥረግ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ተመልካቹ አንዱን ነገር ሁለቴ ይቀበላል። እጁ ጀሪካን ሲቀይር አፉ እናቱ ከደጅ ስትጣራ ምን ትል እንደነበር ይናገር። ድምፁ ጉሮሮው ላይ ከታነቀ ትንፋሹን ይዟል ማለት ነው፤ ጀሪካኑን ባነሳ ቁጥር ወደ ውጭ ይተንፍስ።

በማግስቱ ታሪኩን ለጓደኛው አስረክቡት። ጓደኛው ከራሱ ምንም ሳይጨምር በዚያው መንገድ ይሂድ፣ በዚያው ቦታ እጅ ይቀይር። ባለታሪኩ ተቀምጦ ይመልከት፤ ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ያርም፦ ጀሪካኑ መሬት የነካበትን ቦታ።